መስታወት የሌለው ሥዕል

ሰፈሩ ሁሉ «ተኳሹ» ነበር የሚለው። ቅጽል ስሙን ብቻ የሰማ ሰው ጠመንጃ ያነገተ፣ ግንባሩ የማይፈታ ጎልማሳ ይጠብቅና፣ በሩ ሲከፈት ብቅ የሚለው ሲያስነጥስ እንኳ ይቅርታ የሚጠይቅ ቀጭን ሰውዬ ነው። የሚተኩሰው ሸሚዝ ነበር። በላውንደሪው የኋላ ክፍል፣ እንፋሎቱ ግድግዳውን በሚያስለቅስበት፣ አንድ እጁን ካውያ ላይ፣ ሌላውን ውሃ መርጫ ላይ አድርጎ የሰው ኮሌታ ሲያቃና ጉልምስናውን ጨረሰ። እጁ ከሥራ ከወጣ በኋላም ሞቅ እንዳለ ይቆያል፤ የጨበጠው ሁሉ ይህንን ሳይናገር አያልፍም።

ከሥራ መልስ ደግሞ በውሃ ቀለም ይሥላል። ዛሬ ሥራዎቹ በሦስት ሙዚየሞች ስብስብ ውስጥ ይገኛሉ። ሰፈሩ ይህን የሰማው ዘግይቶ ነው፤ ሲሰማም ለማመን ጊዜ ወሰደበት። ከላውንደሪው አጠገብ የሚሠራው ጫማ ሰፊ፣ የቅርብ ወዳጁ፣ አንድ የእረፍት ቀን ራሱ ሄዶ አይቶ መጣና «እውነት ነው፤ ስሙ ከሥሩ ተጽፏል» አለ። «ሥዕሉስ እንዴት ነው?» ቢሉት ትንሽ አሰበና «ስሙ በደንብ ነው የተጻፈው» ብሎ መለሰ።

አይፈረድበትም። የተኳሹ ሥዕል ፈረስ ነው፣ ወንዝ ነው፣ ሰው ነው ተብሎ የሚያዝ ነገር የለውም። እርጥብ ወረቀት ላይ ሰማያዊ ይለቃል፤ ሰማያዊው በራሱ ጊዜ ሲሄድ ቆሞ ያያል፤ ሊደርቅ ሲል ቢጫ ያስጠጋበታል፤ ሁለቱ ሲገናኙ ምን እንደሚፈጠር እሱም አስቀድሞ አያውቅም። ወረቀቱ ደርቆ ሲጨማደድ ደግሞ እንደ ሙያው ያደርገዋል። ይገለብጠውና ነጭ ጨርቅ አልብሶ ከጀርባው ይተኩሰዋል። ሌሎች ሠዓሊዎች ይህንን ሲሰሙ ይስቃሉ። እሱ ግን ሸሚዝ ያቃና ካውያ ወረቀት አያቅተውም ባይ ነው።

ወደዚህ ከተማ የመጣው ከሌላ አገር ነው፤ ገና በወጣትነቱ፣ በአንድ ሻንጣ፣ ሻንጣው ውስጥም ከልብሱ ወረቀቱ እየበዛ። ቋንቋውን የተማረው ላውንደሪው ባንኮኒ ላይ ስለሆነ፣ መጀመሪያ ያወቃቸው ቃላት «እድፍ»፣ «ቁልፍ» እና «ለነገ ይደርሳል?» ናቸው። ባንኮኒው ላይ ልብስ የምትቀበለው ልጅ ስህተቱን ስታርም፣ እሱም እንድታርመው ብሎ ሆን ብሎ ሲሳሳት፣ ነገሩ ሳያስቡት ወደ ትዳር አመራ።

የልጅቷ እናት ግን በዋዛ የሚገኙ አልነበሩም። ሁሉም «እማማ» ነው የሚላቸው። በሆስፒታል የጽዳት ሠራተኛ ሆነው ገብተው በኃላፊነት ጡረታ የወጡ ሴት ናቸው፤ በእሳቸው ወለል ላይ ዝንብ እንኳ እግሯን ጠርጋ ነው የምትገባው እየተባለ ይቀለድባቸዋል። ባላቸውን በጊዜ አጥተው ልጃቸውን ብቻቸውን አሳድገዋል። ከማንም ምንም አይፈልጉም፤ «ቤትሽ ቆሸሸ» ከሚባሉ ግን ሞታቸውን ይመርጣሉ። የልጃቸውን ነገር ሲሰሙ ለእህታቸው «ከየት እንደመጣ እንኳ በቅጡ አይታወቅም፤ እሱ ሳያንስ ደግሞ ይሥላል አሉ» ብለው አማረሩ።

ተኳሹ ለመጀመሪያ ጊዜ ቤታቸው ሲሄድ ባዶ እጁን ላለመግባት አንድ ሥዕል ይዞ ሄደ። ካሉት ወረቀቶች ወፍራሙን መርጦ ነው የሠራው። ዙሪያውን የእንጨት ክፈፍ አለው፤ መስታወት ግን የለውም፤ ለመስታወት አቅሙ አልፈቀደም። እማማ ክንዳቸውን ዘርግተው አዩት፤ ዘቅዝቀውም አዩት።

«ምንድን ነው?» አሉ።

«ጠዋት ነው» አለ ተኳሹ፣ በዚያን ጊዜ ከሚያውቃቸው ጥቂት ቃላት አንዱን መዝዞ።

«እንግዲህ ጠዋት ከሆነ ደግ ነው» አሉ እማማ። ወደ ልጃቸው ዞረውም «ሰው ብስኩት ይዞ ይመጣል፤ ያንቺው ጠዋት ይዞ መጣ» አሉ።

ሥዕሉን ሳሎን አልሰቀሉትም። ሳሎን ውስጥ በወርቃማ ክፈፍ ያጌጠ የፏፏቴ ፎቶግራፍ ነበራቸው፤ ያንን የሚያወርድ ነገር ገና አልተፈጠረም። ጠዋቱን የሰቀሉት ኩሽና ውስጥ፣ ከመስኮቱ ጎን ነው። ልጅቷ ተናደደች፤ ተኳሹም ውስጡን ቅር አለው። እማማ ቀኑን ሙሉ የሚውሉት ኩሽና ውስጥ መሆኑን ሁለቱም ያኔ ልብ አላሉም።

ተጋብተው የእማማ ቤት ጓሮ ያለው ክፍል ውስጥ መኖር ጀመሩ። እማማ ወር በገባ ቁጥር ቤቱን ከጣሪያ እስከ ወለል ይወለውላሉ። በሩ፣ የመብራት ማብሪያው፣ የሰዓቱ ፊት፣ የፏፏቴው ክፈፍ፣ እጃቸው የደረሰበት ሁሉ በእርጥብ ጨርቅ ይታሻል። ጠዋቱም ተራው ደረሰው። የውሃ ቀለም ደግሞ እንደ ዘይት ቀለም አይደለም፤ ደርቆም ቢሆን ውሃ ሲነካው መልሶ ይሟሟል። ይህንን ማንም አልነገራቸውም። ተኳሹ ከሥራ ሲመለስ ከሰማያዊው ግማሹ የለም፤ ቢጫው ተንሸራትቶ ጥግ ይዟል። እማማ ጀርባቸውን ሰጥተው ጨርቅ ያጥባሉ። ያጥባሉ፣ ይጨምቃሉ፣ መልሰው ያጥባሉ። ውሃው ሰማያዊ ነው።

ተኳሹ ሊናገር አፉን ከፈተ። ከዚያ ጀርባቸውን አየ፤ ትንሽ፣ ቀጥ ያለ፣ ዕድሜ ልኩን የሌላ ሰው ቆሻሻ ሲያነሳ የኖረ ጀርባ ነው። እኚህን ሴት «በጨርቅዎ አበላሹት» ማለት በቁም መግደል መስሎ ታየው። ጉሮሮውን ጠረገና «ደህና ዋሉ እማማ» ብሎ ወደ ክፍሉ አለፈ።

በማግስቱ እናትና ልጅ ገበያ ሲወጡ ሥዕሉን አወረደ፤ ኩሽናው ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ ትዝ ባለው መጠን መልሶ ሠራው። ሲመለሱ ጋዜጣ ገልጦ ተቀምጧል፤ የሚያነበው ግን እማማን ነበር። እማማ ዘንቢላቸውን አስቀመጡ። ቀና ብለው ሥዕሉን አዩ። ቢላዋ አንስተውም ድንች መላጥ ጀመሩ።

«ተመስገን፣ አላወቁም» አላት ለሚስቱ ክፍላቸው ሲገቡ።

«ምን ታውቃለች፣ ዓይኗ ደክሟል እኮ» አለች ሚስቱ። «እንኳን ያንተን ሥዕል፣ እኔንም ከሩቅ አትለየኝም።»

እማማ ራሳቸውም «ዓይኔ ደክሟል» የሚል ነገር ከአፋቸው አይጠፋም። ይህንን የሚሉት ግን ምስር እየለቀሙ፣ ከመሃሉም ከመርፌ ራስ የማትበልጥ ጠጠር እያወጡ ነው። ባልና ሚስቱ የሚያዩት ጠጠሯን ሳይሆን የሚበሉትን ሾርባ ነበርና ይህም አለፋቸው።

ወር ሲገባ እማማ ወለወሉ፤ እማማ ወጣ ሲሉ ተኳሹ መልሶ ሠራ። ሚስቱ በር ላይ ዘብ ትቆማለች፤ የእናቷን ኮቴ ስትሰማ ታስላለች። አንዳንዴ ሰማያዊው በደንብ ሳይደርቅ ሥዕሉን ሰቅሎ፣ እጁን ኪሱ ከትቶ እያፏጨ ይወጣል። ማፏጨት አይችልበትም፤ ሲያፏጭ የሰማው ሁሉ አንድ ነገር እንደሠራ ያውቅበታል።

«ምነው መስታወት ባስገባለት» የሚል ይኖራል። ሊያስገባለት ሞክሮ ነበር። አንድ ቀን ለክቶ፣ አስቆርጦ፣ በብርድ ልብስ ጠቅልሎ አመጣው። «ከጭስ ይከላከለዋል» አላቸው። እማማ መስታወቱን በጥፍራቸው መታ መታ አደረጉና «ይሄማ ሥራ መጨመር ነው» አሉ። «መስታወት ዛሬ ወልውለህ ነገ የጣት አሻራ ነው። ተወው፣ እንዲሁ ይሻለኛል።» ያ መስታወት በኋላ የኩሽናው መስኮት ሲሰበር ለዚያ ዋለ።

እነዚያ ደግ ዓመታት ነበሩ። የከተማዋ ትንሹ ሙዚየም ከአንድ የጋራ ኤግዚቢሽን ሁለት ሥዕሎቹን ገዛ። ሸሚዛቸውን ሁልጊዜ እሱ ብቻ እንዲተኩስላቸው የሚያዙ ሽማግሌ ሐኪም ነበሩ፤ እሳቸውም ሥዕሎቹን ሲሰበስቡ ኖረው ሲሞቱ ለሁለት ትልልቅ ሙዚየሞች አወረሷቸው። ተኳሹ ሲሰማ አንዱ ሙዚየም ሄዶ ሥዕሉን በዓይኑ ሊያይ ፈለገ። ሥዕሉ ግድግዳ ላይ የለም። ቢጠይቅ፣ የውሃ ቀለም ብርሃን ስለሚጎዳው ጥቂት ጊዜ ከታየ በኋላ ጨለማ መሳቢያ ውስጥ ለዓመታት እንደሚቀመጥ አስረዱት። «ሥዕልዎ እረፍት ላይ ነው» አሉት በትህትና። ቤት ተመልሶ ለሚስቱ «እኔ አንድ ቀን ፈቃድ ለምኜ ስሄድ፣ እሱ ለዓመታት ፈቃድ ወጥቷል» አላት። ሌላኛው ሙዚየም ውስጥ ግን ሥዕሉን ተሰቅሎ አገኘው። በደስታ ጠጋ ቢል ዘበኛው «ወንድም፣ ትንሽ ራቅ በል» አለው። ራቅ አለ፤ እኔ ነኝ የሠራሁት ማለት አሳፈረው።

ከዚያ ነገሩ ዞረ። ለኤግዚቢሽን የሚልካቸው ሥዕሎች እንደሄዱ መመለስ ጀመሩ። «ጥሩ ነው፣ ግን ጊዜው አልፏል» ይሉታል። በዚያው ሰሞን በትውልድ አገሩ እናቱ ሞተች፤ ሄዶ ሊቀብራት አልቻለም። አንድ ቀን የቀለም ሣጥኑን ዘግቶ፣ በገመድ አስሮ፣ ቁም ሳጥኑ ላይ ወረወረው። «በቃኝ» አለ። ሚስቱ ብትለምነው፣ ብታኮርፈው፣ ጆሮ ዳባ ልበስ አለ። ብሩሽ የሚያሳየውን ሰው ሁሉ ይሸሽ ጀመር፤ ጫማ ሰፊው እንኳ የጫማ ቀለም ብሩሹን ከጀርባው ይደብቅ ነበር።

ለብዙ ዓመታት እጁ ከሸሚዝ በቀር የነካው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የኩሽናው ሥዕል። እሱንም ሥዕል ብሎ አይቆጥረውም፤ የወለቀ ቁልፍ እንደመትከል ያለ የቤት ግዴታ ነበር። የሚገርመው ደግሞ በዚያን ጊዜ የእማማ መወልወል ባሰ። በወር አንዴ የነበረው ሁለቴ ሆነ፤ ባዶ ውሃ የነበረው ሳሙና ተጨመረበት።

«ምን ሆነው ነው?» ይላል ተኳሹ፣ ከቁም ሳጥኑ ላይ ሣጥኑን እያወረደ።

«እርጅና ነው፤ ምን ታደርጋታለህ» ትላለች ሚስቱ።

አንድ ቀን ከሥራ ሲገባ ወረቀቱ ነጭ ሆኖ ጠበቀው። ሰማያዊ የለም፤ ቢጫ የለም። ሊጠግነው ተቀመጠ፤ ግን ያ የመጀመሪያው ጠዋት ምን ይመስል እንደነበር ጭራሽ ጠፋበት። ብሩሹን ይዞ ቀረ። እናቱ ትዝ አለችው፤ ያልቀበራት፣ ያላለቀሰላት። ወረቀቱን አራሰና ግራጫ ለቀቀበት፤ ግራጫው ሄዶ ሄዶ ሊጨርሰው ሲል ከሥር አንዲት ቀጭን ቢጫ ከለከለችው። መሥራቱን ሲጨርስ ፊቱ ረጥቧል። ሰቀለው።

በማግስቱ ጠዋት እማማ ሻያቸውን ይዘው ወደ መስኮቱ አቅጣጫ አዩና «ዛሬ ደመና ነው» አሉ። ተኳሹ ቀና ብሎ ቢያይ ውጭው ፀሐይ ነው። ምስኪን፣ ዓይናቸው ጨርሶ ሄደ ብሎ አዘነላቸው።

ከዚያ በኋላ ሥዕሉ እንደቀድሞው አልሆነም። አንዴ አረንጓዴ ገባበት፤ አንዴ ነጩ ራሱ ሳይነካ ቀረ። ይጠግን የነበረው ሰውዬ ሳያውቀው ይሞክር ጀመር። አንድ የእረፍት ቀን የኩሽናውን ጨርሶ እጁ አልቆም አለው፤ ሌላ ወረቀት ፈለገ። የዚያን ዕለት የቀለም ሣጥኑ ወደ ቁም ሳጥኑ አልተመለሰም። ሚስቱ አይታ ዝም አለች፤ ብትናገር ወፏ የምትበር መሰላት። አሁን ሙዚየሞቹ ወንበር አስቀምጠው የሚያሳዩአቸው ሥዕሎች ከዚያ ወዲህ የመጡ ናቸው።

እንዲህ እንዲህ እያለ ጡረታ ወጣ። እማማም አርጅተው አንድ ፍሬ ሆኑ፤ ጨርቃቸውን ግን አልጣሉም። ከሁለቱ ትልልቅ ሙዚየሞች አንዱ፣ ያ ዘበኛ ያለበት፣ ከየስብስቡ ያሉትን ሥዕሎቹን አንድ ላይ ሊያሳይ ተነሣ። የስብስቡ ኃላፊ፣ ወጣት ሴት ናት፣ ቤት ያሉትን ልትመርጥ መጣች። በሩ ላይ ጫማዋን ሁለት ጊዜ ስለጠረገች እማማ ወዲያው ወደዷት። ሥራዎቹን አይታ ስትጨርስ ውሃ ጠማት፤ ኩሽና ገባች፤ ብርጭቆዋን እንደያዘች ሥዕሉ ፊት ቆማ ቀረች።

«ይሄ መቼ ነው የተሠራው?»

«ከመጋባታችን በፊት» አለች ሚስቱ።

«እንዴት ይሆናል?» አለች ኃላፊዋ ለራሷ በሚመስል ድምፅ። «ከሁሉም የቅርብ ጊዜው ይመስላል እኮ። ይሄ ከሌለማ ኤግዚቢሽኑ ጎደሎ ነው።»

«አይወጣም» አለ ተኳሹ።

እንዲህ ቆርጦ ሲናገር ቤቱ ሰምቶት አያውቅም። ኃላፊዋ ደነገጠች። እማማ ከወንበራቸው ሆነው «ሥዕሉ የማን ነው?» አሉ።

«የእርስዎ ነው እማማ።»

«እንግዲያው አፍ ያለኝ እኔ ነኝ። ይውሰዱት።»

ተኳሹ እንቅልፍ አጣ። የሙዚየም ሰዎች ሥዕል ሲረከቡ በመብራትና በማጉያ እንደሚመረምሩ ያውቃል። ከላይ ያለው የመጀመሪያው እንዳልሆነ በአንድ እይታ ይደርሱበታል፤ ደርሰውም ዝም አይሉም። «በዚህ ዕድሜያቸው፣ ዕድሜዎን ሙሉ ሥዕል ሲያበላሹ ኖረዋል ተብሎ ይነገራቸው?» አላት ሚስቱን። «ይሄን ከሚሰሙ ሥዕሉ ቢቃጠል ይሻላል።» ለሙዚየሙ ክብር ግድ አልነበረውም። የፈራው ለዚያች ቀጥ ላለች ጀርባ ነው።

የወረቀት ሐኪሙ መጣ። ሙዚየሙ ውስጥ የተጎዱ ሥዕሎችን የሚያክመውን ሰው እንዲያ ነው የሚሉት። ተኳሹ ደረጃው ላይ ጠብቆ ክንዱን ያዘው።

«ወንድሜ፣ ያዩትን ሁሉ ለእኔ ብቻ ይንገሩኝ። ውስጥ ያሉት እናት ይሰማቸዋል።»

«ግድ የለም፣ ይገባኛል» አለ ሰውዬው። ደግ ሰው ነበር። ወረቀት ሲያይ ግን የሚስቱንም ስም የሚረሳ ዓይነት ነው።

ሥዕሉን ኩሽናው ጠረጴዛ ላይ አስተኛ። መብራቱን በጎን አበራ። አጎነበሰ፤ አጉልቶ አየ፤ እንደገና አየና «ኧረ ጉድ ነው!» አለ። «ከመስኮት ጎን የኖረ የውሃ ቀለም ነው፤ እስካሁን ነጥቶ ማለቅ ነበረበት። ይሄ ወረቀት እኮ ታጥቧል። አንዴ አይደለም፣ ስንቴ! ከሥሩ ሌላ ሥዕል አለ፤ ከዚያም ሥር ሌላ...»

«እኔ ነኝ ያጠብኩት» አለ ተኳሹ ፈጠን ብሎ። «አሠራሬ ነው።»

«ግን አስተጣጠቡ እኮ የሠዓሊ አይመስልም» አለ የወረቀት ሐኪሙ አሁንም እንዳጎነበሰ። «ክብ ክብ እየተባለ ነው የታሸው። ልክ ሰው ጠረጴዛ ሲወለውል...» ያኔ ነው ደረጃው ላይ የተባለው ትዝ ያለው። ቃሉን ዋጠ።

«ጎበዝ ነው ሰውዬው» አሉ እማማ። «የእኔ እጅ ነው።»

«እማማ፣ እርስዎ አይደሉም...»

«አትዋሽ። መዋሸት አትችልም፤ እንደ ማፏጨትህ ነው።» ጉልበታቸው ላይ ያለውን ጨርቅ አጠፉት። «የመጀመሪያውን ጊዜ አላወቅኩም ነበር። ጨርቄ ሰማያዊ ሲሆን መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ወደድኩ። ምን ብዬ እንደምነግርህ ቃል አጣሁ። አንተ ገባህ፤ አየህ፤ «ደህና ዋሉ እማማ» ብለህ አለፍክ። በማግስቱ ሥዕሉ ሞልቶ ጠበቀኝ። ልጄን ለማን እንደሰጠሁ ያን ዕለት ነው ያወቅኩት።»

«ታዲያ እማዬ፣ ካወቅሽ ለምን መወልወልሽን አልተውሽም?» አለች ልጅቷ። በር ላይ ቆማ ያሳለችው ሳል ሁሉ ትዝ ብሏት ፊቷ ቀልቷል።

«ምን ይዞ እንደሚመጣ ማየት ደስ ይለኝ ነበራ። ከጥጉ ብቻ ነበር የምነካው፣ ቀስ ብዬ። አዲስ ጠዋት ቤቱ ድረስ የሚመጣለት ማን አለ?» ወደ ተኳሹ ዞሩ። «ኋላ ሣጥንህን ቁም ሳጥን ላይ ወረወርከው። ይቺ እያለቀሰች ነገረችኝ። እኔ ስለ ሥዕል ምን አውቃለሁ? ምን ብዬ እመክርሃለሁ? ያለኝ ጨርቅ ነው። በሳሙና አሸሁት።»

ተኳሹ በሁለት ሙቅ እጆቹ ፊቱን ሸፈነ። ሃምሳ ሸሚዝ የተከመረበት ቀን እንኳ እንዲህ ትከሻው አልተንቀጠቀጠም። ሚስቱ መሳቅና ማልቀሱ ተቀላቀለባት። የወረቀት ሐኪሙ መብራቱን አጥፍቶ ጫማውን ያይ ጀመር።

«ደመና ነው ያሉኝ ዕለት...» አለ ተኳሹ ከእጆቹ ሥር።

«ደመና ነበራ» አሉ እማማ። «እናትህን እንዳለቀስክ አውቄአለሁ። እኔም በጎን አልቅሼላታለሁ።»

ኤግዚቢሽኑ ሲከፈት እማማን ግራና ቀኝ ደግፈው ይዘዋቸው ሄዱ። የኩሽናው ሥዕል ለብቻው ግድግዳ ተሰጥቶት፣ ለስለስ ባለ መብራት፣ በአዲስ ክፈፍ ተሰቅሏል። ሰዎች በሹክሹክታ ያወራሉ። እማማ ደርሰው ቆሙ፤ ከእጅጌያቸው መሐረብ አወጡ፤ ሥዕሉን እንደ ልማዳቸው ክብ ክብ አድርገው አሹት። ዘበኛው፣ ያው «ራቅ በል» ባዩ ዘበኛ፣ ተወርውሮ ደረሰ። ተኳሹ በዚህ ጊዜ አላፈረም። «ተዋቸው ወንድም» አለው። «የሁለታችን ሥራ ነው።»

እማማ መሐረቡን ገልብጠው አዩት። ነጭ ነው።

«አይለቅም» አሉ።

«አይለቅም እማማ። መስታወት ገብቶለታል።»

«ከእንግዲህ ማንም አይነካውም ማለት ነው።»

«ማንም።»

እማማ መሐረባቸውን አጥፈው እጅጌያቸው ውስጥ መለሱ። ሥዕሉን እንደገና አላዩትም፤ ያዩት አማቻቸውን ነው። «ታዲያ አንተስ?» አሉት።

ቤት ሲገቡ ኩሽናው ግድግዳ ላይ ሥዕሉ የነበረበት ቦታ ከሌላው ነጣ ብሎ፣ ሚስማሩ ብቻውን ቀርቶ ጠበቃቸው። እማማ ሰሞኑን ፊታቸውን ወደዚያ አላዞሩም። ሻያቸውንም ሳሎን፣ ፏፏቴው ፊት ለፊት መጠጣት ጀመሩ።

ወር ሲገባ፣ እማማ ወንበራቸው ላይ ሆነው ልጃቸውን ይሄን ወልውዪ ያንን ወልውዪ እያሉ ሲያዝዙ፣ ተኳሹ ከጓሮ ክፍሉ መጣ። በእንጨት ክፈፍ የተያዘ ወፍራም ወረቀት ተሸክሟል። ሚስማሩ ላይ ሰቀለው፤ አንድ ጎኑን ከፍ፣ ሌላውን ዝቅ አድርጎ አስተካከለና ወደ ኋላ ፈቀቅ አለ። እማማ ወንበራቸውን ወደ ኩሽናው አስጠጉልኝ ብለው ረጅም ጊዜ አዩት።

«ምንድን ነው?» አሉ።

«ጠዋት ነው።»

«መስታወቱስ?»

«የለውም።»

እማማ ራሳቸውን ነቀነቁ። እጃቸውን ወደ ልጃቸው ዘረጉና «እስቲ ጨርቄን አርጥቢልኝ» አሉ። ልጅቷ ጨርቁን ከቧንቧው ሥር አርጥባ፣ በደንብ ጨምቃ አመጣችላቸው።